የደም ምርመራ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን ክብደት ሊናገር ይችላልን?

በሌሊት ትንፋሽ አጥሮት እየባነነ የሚነሣ ሰው ሲገጥም አንዱ «ዱካክ ተጭኖት ነው» ይላል፤ ሌላው ራት አብዝቶ በመተኛቱ ያመካኛል። አብራው የምትተኛ ባለቤቱ ግን ሌላ ነገር ታውቃለች። ሲያንኮራፋ ይቆይና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ እየታገለ አየር አይገባም፤ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው አጓርቶ እንደገና ይተነፍሳል። ሕክምናው ለዚህ ሁኔታ የሰጠው ስም ስሊፕ አፕኒያ ነው፤ በአማርኛ በእንቅልፍ ወቅት የትንፋሽ መቋረጥ ሊባል ይችላል። ከዓይነቶቹ እጅግ የሚበዛው በጉሮሮ መዘጋት ምክንያት የሚመጣው ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚነገረውም ስለ እርሱ ነው።

ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። የአየር መተላለፊያው ሰፊ በሆነ ሰው ላይ ይህ ችግር አያመጣም። አንገቱ በስብ በተከበበ፣ አገጩ ወደ ኋላ በገባ፣ ምላሱ በገዘፈ ወይም የጉሮሮ እጢው ባበጠ ሰው ላይ ግን የላሉት ሥጋዎች ተጋጥመው መንገዱን ይዘጋሉ። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አእምሮ አደጋውን ተረድቶ ሰውየውን ለአፍታ ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፤ ኦክስጅኑ ይመለሳል። ይህ በሌሊቱ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሰውየው ጠዋት ሲነሣ አንዱንም ላያስታውስ ይችላል። የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመው፣ አፉ እንደሚደርቅበትና ቀን ላይ እንቅልፍ እንደሚጥለው ብቻ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተሰኘው የመተንፈሻ አካላት ሕክምና መጽሔት የወጣ ግምት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆነ የዓለም ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ችግር በተወሰነ ደረጃ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 425 ሚሊዮኑ መካከለኛ ወይም ከባድ በሆነ ደረጃ ላይ እንደሚገኙ ያሳያል። አብዛኞቹ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። ይህ የሚያሳስበው ስለ እንቅልፍ ምቾት ብቻ አይደለም። ያልታከመ ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ከደም ግፊት፣ ከስኳር ሕመም፣ ከልብ ምት መዛባትና ከስትሮክ ጋር ተያይዞ ይገኛል፤ በመሪ ላይ የሚያንቀላፋ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ አደጋው በመንገድ ላለ ሰው ሁሉ ነው።

ክብደቱ እስከ አሁን እንዴት ይለካል?

ዋናው መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ ነው። ታካሚው በሆስፒታል ወይም በክሊኒክ ያድራል፤ የአንጎል ሞገዱ፣ የዓይኑ እንቅስቃሴ፣ የልቡ ምት፣ በአፍንጫው የሚገባው አየር፣ የደረቱ ትግልና የደሙ ኦክስጅን በገመዶች ይመዘገባል። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቋረጥ በእጅጉ ቀንሶ ኦክስጅን ሲወርድ ወይም ሰውየው ሲባንንም እንዲሁ። የክስተቶቹ ቁጥር ለእንቅልፉ ሰዓት ይካፈላል። በሰዓት ከ5 በታች ጤነኛ ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል።

ይህ አሠራር ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ መሣሪያው፣ ክፍሉና ባለሙያው በአብዛኞቹ የወረዳና የዞን ሆስፒታሎች አይገኙም። ሁለተኛው ጉድለት ያላደጉ አገሮች ብቻ አይደለም። በሰዓት 20 ጊዜ ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ሁለት ሰዎች ቢኖሩና የአንዱ ኦክስጅን ወደ 88 በመቶ፣ የሌላው ወደ 70 በመቶ ቢወርድ ቁጥሩ ሁለቱንም «መካከለኛ» ይላቸዋል። የሌሊቱ ጉዳት ግን አንድ አይደለም። ቁጥሩ ስንት ጊዜ እንደ ታነቁ ይናገራል እንጂ መታነቁ ልባቸውን፣ የደም ሥራቸውንና ጣፊያቸውን ምን እንዳደረገ አይናገርም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ይህን ጥያቄ አጠንክሮታል። 2,717 ሕሙማን የተሳተፉበት ይህ ጥናት አየር በግፊት ወደ አፍንጫ የሚነፋው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ቀድሞም የልብ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከሌላ የልብ ድካምና ስትሮክ ይጠብቃቸው እንደ ሆነ መርምሮ፣ በጠቅላላ ውጤቱ ልዩነት አላገኘም። ተሳታፊዎቹ መሣሪያውን በአማካይ በሌሊት የተጠቀሙት ለ3.3 ሰዓት ብቻ መሆኑ አንድ ማብራሪያ ነው። ሌላው ማብራሪያ ደግሞ በእርግጥ የሚጎዱት ሕሙማን ከማይጎዱት ጋር ተቀላቅለው መቆጠራቸው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ወደ ደም ፊታቸውን ያዞሩት እነዚህን ለመለየት ጭምር ነው፤ ባዮማርከር ወይም የደም ጠቋሚ የሚባለውም በላቦራቶሪ ተለክቶ የበሽታን መኖር ወይም ክብደት የሚያመለክት ንጥረ ነገር ነው።

በደም ውስጥ የሚቀረው አሻራ

ኦክስጅን በየደቂቃው ሲወርድና ሲወጣ ሰውነት እንደ እሳት አደጋ ይቆጥረዋል። በሕዋሳት ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዛሉ፤ እነርሱም የብግነት መልእክተኞችን ያስነሣሉ። ኢንተርሉኪን 6ና ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባሉት ፕሮቲኖች ከእነዚህ መካከል ናቸው። ጉበት መልእክቱን ሲሰማ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለውን ያመርታል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የእነዚህ መጠን በአማካይ ከጤነኞች ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ከሦስቱ ውስጥ በተራ ላቦራቶሪ የሚሠራው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ስለ ሆነ ስሙ አብዝቶ ይነሣል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የቢጫ ቅጠል ነገር ገበሬ ያውቀዋል፤ የናይትሮጅን ማነስ፣ ውኃ የተኛበት ሥር፣ በሽታም ድርቅም ቅጠሉን ያስቢጫሉ። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። የሳንባ ምች፣ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የተመረዘ ጥርስ፣ የቆየ ቁስል ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ብቻውንም ከፍ ያደርገዋል፤ የትንፋሽ መቋረጥ ደግሞ በወፍራም ሰዎች ላይ ስለሚበዛ ከፍታው ከስቡ ይሁን ከእንቅልፉ መለየት ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ «ከባድ የእንቅልፍ ሕመም አለብህ» የሚል ላቦራቶሪ ካለ የሚናገረው ከመረጃው በላይ ነው።

ሁለተኛው አሻራ በስኳር በኩል ይታያል። በየሌሊቱ መባነን የጭንቀት ሆርሞኖችን ያነሣሣል፤ እነርሱም ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። በአውሮፓ የስሊፕ አፕኒያ ሕሙማን መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የትንፋሽ መቋረጡ እየከበደ በሄደ መጠን የስኳር ቁጥጥሩ እየተበላሸ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ይህን ያየውም በተለምዶ የሦስት ወር ስኳር በሚባለው ምርመራ ነው። መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ ስኳሩ አልወርድ ያለው ሰው ስለ እንቅልፉ ሊጠየቅ ይገባል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በአገራችን የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍሎች ይህ ጥያቄ ገና ልማድ አልሆነም፤ ሊሆን ይገባው ነበር።

ሦስተኛው ባይካርቦኔት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ጠርቶ የወጣ ሥራ ያለውም እርሱ ይመስላል። በጣም ወፍራም የሆኑ አንዳንድ ሰዎች በሌሊት ብቻ ሳይሆን በቀንም በቂ አየር አያስወጡም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደማቸው ይጠራቀማል። ኩላሊት አሲዱን ለማመጣጠን ባይካርቦኔትን ይዞ ያስቀራል። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጥርጣሬው ከፍ ያለ ባልሆነ ወፍራም ታካሚ ላይ ባይካርቦኔቱ በሊትር ከ27 ሚሊሞል በታች ከሆነ ይህ ከባድ ዓይነት አለመኖሩን ለመገመት እንደሚያስችል፣ 27ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ተጨማሪ የደም ጋዝ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ይመክራል። ባይካርቦኔት ያልተወሳሰበ ምርመራ ነው፤ ትልልቅ ሆስፒታሎች ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ይሠሩታል።

ዩሪክ አሲድ፣ ሌፕቲን፣ የደም ሥር ግድግዳ የሚለቃቸው ፕሮቲኖች፣ የቀይ ደም ሕዋስ መጠን መለያየት ሁሉ ተጠንተዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ተስፋውም ከፍ ዝቅ ይላል። በአንድ ከተማ ጥሩ የሠራ ጠቋሚ በሌላ ከተማ ሲሞከር የሚከዳበት ጊዜ ብዙ ነው።

የደጋው ሰው ደም

ለኢትዮጵያ፣ በተለይም ለአማራ ደጋ ነዋሪ፣ ከሁሉ የሚከብደው የሂሞግሎቢን ጉዳይ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኔም ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ ላረጋገጡት ሦስት ተመራማሪዎች፣ ለዊልያም ኬሊን፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለግሬግ ሴመንዛ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የሕክምና የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዚህ ዕውቀት ነው። በዚህ አመክንዮ በየሌሊቱ የሚታፈን ሰው ደሙ እየወፈረ መሄድ አለበት፤ ሂሞግሎቢኑም የሕመሙ ምስክር መሆን ይገባዋል። በእርግጥም ሐኪም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መወፈር ሲያገኝ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ማንኮራፋት ነው። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ጭማሪው ትንሽ ነው።

በአገራችን ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፤ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚያርሱና ከብት የሚያረቡ ሰዎች አሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የማንም ሰው ሂሞግሎቢን ሊጨምር ይገባል ተብሎ ይታሰባል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የደም ማነስ መለኪያው እንደ ከፍታው እንዲስተካከል ይመክራል። ነገር ግን በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት ዓለምን አስገርሟል። የወንዶቹ አማካይ ሂሞግሎቢን በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በአማካይ 95.3 በመቶ። ይህ በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ልክ የማይርቅ ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ወደ 4,000 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች ሂሞግሎቢን ግን ወደ 19 ግራም ይደርሳል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች በባሌ ደጋ በሚኖሩ ኦሮሞዎች ላይ ሂሞግሎቢኑ ከአማራው ደገኛ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ስላሳዩ፣ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አንድ ልክ የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ከደባርቅ የመጣ ገበሬ ሂሞግሎቢኑ 17.5 ሆኖ ቢገኝ ምን ይባላል? ለአንዲስ በተዘጋጀ መለኪያ ተራ ነገር ነው፤ ለሰሜን ተራሮች ሰው ግን ከፍ ያለና ምክንያት የሚፈለግለት ነው። ተቃራኒውም አለ። መንጠቆ ትል ወይም ተደጋጋሚ ወባ ደሙን ያሳነሰበት ሰው በሌሊት ክፉኛ ቢታፈንም ሂሞግሎቢኑ «ጤነኛ» ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ አንዱ የጨመረውን ሌላው ቀንሶታል። የቤት ውስጥ የማገዶ ጢስ ለዓመታት ሳንባዋን የጎዳት እናት ደግሞ ኦክስጅኗ የሚወርደው በጉሮሮዋ መዘጋት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሌላም ጠቋሚ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ከተራው የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ ከሚባለው፣ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ነጭ የደም ሕዋሳት ንጽጽር ተሰልቶ የብግነት ምልክት እንዲሆን በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል። ርካሽ ስለ ሆነ ይማርካል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ፍጹም ጤነኛ በሆኑ ብዙ ሰዎች ላይ የኒውትሮፊል ቁጥር ከአውሮፓውያን ልክ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ካሳዩ ቆይተዋል። ይህ በዘር የሚወረስ እንጂ በሽታ አይደለም። በአውሮፓ ወይም በቱርክ የተሰላ የከባድነት ድንበር ኢትዮጵያዊ ላይ ቢቀመጥ ሕመሙን አቃልሎ ሊያሳይ ይችላል። የደም ጠቋሚዎች ለዚህ አገር ከመዋላቸው በፊት በዚህ አገር ሰው ላይ መለካት አለባቸው፤ ሥራው እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

ልደታ የሚደርሰው ታካሚ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከየክልሉ ተልከው የሚመጡ ሕሙማን የሚያርፉበት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከስዊዘርላንድ ሐኪሞች ጋር በትብብር በዚሁ ሆስፒታል የሁለት ዓመት የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሥልጠና ተጀምሯል፤ ከዚያ ወዲህ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የሳንባ ስፔሻሊስቶች እየበዙ መጥተዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥቶ የአውቶቡስና የአልጋ ወጪ አውጥቶ እዚያ የሚደርስ ሰው ቁልፉን መረጃ ከቤቱ ይዞ መምጣት እንደሚችል አብዛኛውን ጊዜ አይነገረውም።

በ2008 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተዘጋጀው ስቶፕ ባንግ የተባለ መጠይቅ ስምንት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል። ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ሌላ ሰው ማየቱ፣ የደም ግፊት፣ የሰውነት ክብደት መለኪያ ከ35 መብለጥ፣ ዕድሜ ከ50 በላይ መሆን፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲሜትር መብለጥና ወንድ መሆን። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው የክብደቱ ድንበር 101 ኪሎ ግራም ያህል ነው። አንገት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል። ሁለትና ከዚያ በታች ነጥብ አነስተኛ ሥጋት፣ ሦስትና አራት መካከለኛ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ሥጋት ማለት ነው። ቀጭን ሰው አይታመምም ማለት አይደለም፤ የመንጋጋ አጥንት አቀማመጥና የጉሮሮ እጢ በቂ ምክንያት ናቸው። በልጆች ላይ ዋናው ምክንያት ያበጠ የጉሮሮ እጢ ነው፤ ልጁ ቀን ላይ ከማንቀላፋት ይልቅ ቁንጥንጥና ትምህርት የማይገባው ሊሆን ይችላል።

ከታካሚው ይልቅ የሚያስፈልገው ምስክር አብሮት የሚተኛው ሰው ነው። ባለቤቱ ወይም ልጁ የሌሊቱን ማንኮራፋትና ጸጥታ በስልክ ለጥቂት ደቂቃ ቀርጾ ቢያመጣ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል የበለጠ ይነግረዋል። ከኮቪድ ወዲህ በየጤና ተቋሙ የተለመደው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን በቀን አንዴ ቢሰካ የሌሊቱን ነገር አይናገርም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግበው ዓይነት ነው የሚጠቅመው። ይህ መሣሪያ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የወጣ ጥናት አመልክቷልና፣ ከቁጥሩ ይልቅ የመውረድና የመውጣቱ ድግግሞሽ መታየት አለበት።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ መጠይቅ ብቻውን የእንቅልፍ ምርመራን ተክቶ በሽታውን ለመወሰን እንዳይውል ያስጠነቅቃል። ምርመራው በክሊኒክ በማደር ወይም በቤት በሚወሰድ አነስተኛ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የደም ጠቋሚ ባለበት ደረጃ ሊያግዝ የሚችለው በሌላ ቦታ ነው፤ ማን ቀድሞ ወደ ምርመራው ይላክ የሚለውን ለመወሰን፣ ከሕክምናው በኋላም መሻሻል መኖሩን ለመከታተል። በሲፓፕ የታከሙ ሰዎች ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ዝቅ ማለቱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙትም አሉ። ሲፓፕ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ ወይም ጨርሶ በሌለበት ቀበሌ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ጠላ መተው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አለመዋጥ ግን መብራት አይጠይቁም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ አርሶ አደር አገልግሎቱን በመድኅኑ ለማግኘት ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በየደረጃው የሚጻፍ የሪፈር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መታወቂያውም የታደሰ መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ «ማንኮራፋት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ወረፋው ሊረዝም ይችላል። የአንገት ልክ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የሂሞግሎቢን ውጤት፣ የሚኖርበት አካባቢ ከፍታና ሲተኛ ያየው ሰው ምስክርነት ቢሰፍሩበት ተቀባዩ ሐኪም ከባዱን ከቀላሉ የሚለይበት ነገር በእጁ ይኖረዋል። ለሌላ ሕመም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ሲተኛ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ መንገር አለበት፤ ማደንዘዣ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላልና።